ሶንግክራን፦ የታይላንድ የውሃ በዓል አደገኛ ሆኗል እንዴ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚያዝያ ሲቃረብ ለሕክምናም ይሁን ለንግድ ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ የውሃ ጨዋታውን ቲክቶክ ላይ አይቶ "እኔስ ለምን ይቅርብኝ?" ይላል። ሌላው "በበዓሉ ይህን ያህል መቶ ሰው ሞተ" የሚል ዜና አንብቦ ትኬቱን ሊሰርዝ ይነሳል። ሁለቱም ያዩት ግማሹን ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ከታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሶንግክራን ምንድን ነው? መቼ ይከበራል?

የታይ ባህላዊ አዲስ ዓመት ነው። ኤፕሪል 13፣ 14 እና 15 ይውላል፤ በእኛ ሚያዝያ 5፣ 6 እና 7 መሆኑ ነው። ፀሐይ ወደ ሐመል ኮከብ የምትገባበት ጊዜ ተብሎ የተያዘ ነው። በእኛ የ2018ቱ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሚውል፣ ባንኮክ ያለ ሐበሻ ዶሮውን በልቶ በማግስቱ ውሃ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ታይላንድ ከ1941 ጀምሮ ይፋዊ አዲስ ዓመቷን ወደ ጃንዋሪ 1 አዙራለች፤ የሕዝቡ ልብ ግን እዚሁ ሚያዝያ ላይ ቀርቷል። ላኦስ፣ ካምቦዲያና ምያንማርም በእነዚሁ ቀናት አካባቢ የየራሳቸውን ያከብራሉ።

ጥንቱንም እንዲህ በባልዲ መደፋፋት ነበር?

አይደለም። ሥሩ እርጋታ ያለበት ነገር ነው። ጠዋት ሰው ለመነኮሳት ምግብ ይዞ ቤተ መቅደስ ይሄዳል። የቡድሃን ሐውልት ሽቶና አበባ በገባበት ውሃ ያጥባል። በግቢው ውስጥ ከአሸዋ ትንንሽ ቤተ መቅደሶች ይሠራል፤ ዓመቱን ሙሉ በእግሩ ጠርጎ ያወጣውን አፈር መመለሱ ነው ይባላል።

ከሁሉም የሚያምረው ቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። አያት ወይም አባት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸውን አጋጥመው ወደፊት ይዘረጋሉ። ልጆችና የልጅ ልጆች በየተራ ተንበርክከው፣ ጃስሚን አበባ ከተንሳፈፈባት ትንሽ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ አድርገው መዳፋቸው ላይ ያፈሳሉ። በዓመቱ ላጠፉት ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ይመርቃሉ። አንዳንዴም በእርጥብ እጃቸው የልጁን ራስ ይዳብሳሉ። ዩኔስኮ በዲሴምበር 2023 ሶንግክራንን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ይሄኛውም ገጽታ አብሮ ታይቷል።

ከዚያ መንገድ ላይ ያለው ይመጣል። ቄሱ ጠበል ከረጩ በኋላ ወጣቱ በሃይላንድ እየሞላ የሚረጫጨውን የጥምቀት ቀን አስቡት፤ እሱን ሦስት ቀን አድርጉት፣ በአንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ አባዙት። ፒክአፑ ከኋላው በርሜል ጭኗል። በርሜሉ ውስጥ የበረዶ ድንጋይ ይንሳፈፋል። አሥር ሰው በርሜሉን ከብቦ ቆሞ በጎን የሚያልፈውን ሁሉ ያጠጣል። ውጭው ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ የበረዶ ውሃ ጀርባችሁ ላይ ሲወርድ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል።

ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የሚሞተው ከምኑ ነው?

ከመኪና አደጋ ነው። ይበልጡን ደግሞ ከሞተር ሳይክል። የገጹ ዋና ነገር ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የታይላንድ መንግሥት በሶንግክራን ዙሪያ ያሉትን ሰባት ቀናት ለብቻ ይቆጥራል። ስማቸውም "ሰባቱ አደገኛ ቀናት" ነው። በየማለዳው ባለሥልጣናት ካሜራ ፊት ይቀርባሉ። ትናንት ስንት አደጋ ደረሰ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ሰው ቆሰለ፣ የትኛው ክፍለ ሀገር ባሰ የሚለውን ያነባሉ። በ2016 በሰባቱ ቀናት 442 ሰው ሞቷል። በ2019 ቁጥሩ 386 ነበር፣ በ2024 ደግሞ 287። በ2025 ወደ 253 ወርዷል። ከአሥር አደጋ ስምንቱ ገደማ ሞተር ሳይክል ያለበት ነው። ምክንያት ተብለው በየዓመቱ የሚጠሩትም ሁለቱ ናቸው፦ ፍጥነትና ጠጥቶ መንዳት።

ለምን በዚህ ሰሞን? ባንኮክ የሚሠራው ሕዝብ ትልቁ ክፍል የመጣው ከገጠር ነው፤ በተለይ ኢሳን ከሚባለው ሰሜን ምሥራቅ። ለሶንግክራን ሁሉም በአንድ ጊዜ አገር ቤት ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል። ደርሶ ቤተሰቡን ሲያገኝ ይጠጣል። አመሻሽ ላይ ለመጠጡ የሚሆነው በረዶ አለቀ ይባላል። አንዱ ሞቅ ብሎት ሞተሩን ያስነሳል፤ ሱቁ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ለዚህች ደግሞ ሄልሜት? ቱሪስት የማያውቃት የሰፈር መንገድ ላይ ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። ውሃ በሚረጭበት ታዋቂ ጎዳና መሀል ላይ አይደለም።

ውሃው ባይኖርስ? ሞቱ ይቀንስ ነበር?

ይህ በተግባር ታይቷል። በ2021 በኮሮና ምክንያት ውሃ መረጫጨት፣ ዱቄት መቀባባትና ኮንሰርት ሁሉ ታግዶ ነበር። ሰው ግን አገር ቤት ሄደ። በሰባቱ ቀናት 277 ሰው ሞተ። በ2023 ጨዋታው በሙሉ ኃይሉ ሲመለስ ቁጥሩ 264 ነበር። ውሃ ያልነበረበት ዓመት ውሃ ከነበረበት በለጠ!

ሌላም አለ። መንግሥት ለጃንዋሪ 1ም ሰባት አደገኛ ቀናት ይቆጥራል። 2019 ሲገባ በነበሩት ሰባት ቀናት 463 ሰው ሞቷል። ያኔ ባልዲ የያዘ ሰው አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2021 በታይላንድ መንገዶች የሞተውን ሰው ወደ 18 ሺህ ይገምታል። ሲካፈል በቀን 50 ገደማ ይመጣል። የአቆጣጠሩ ዘዴ ይለያያል፤ የበዓሉ ቁጥር በቶሎ የሚሰበሰብ ነው፣ የድርጅቱ ግምት ግን ቆይተው ሆስፒታል የሞቱትንም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ "በዓሉ እንዲያውም ይሻላል" ማለት አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው። የታይላንድ መንገድ ዓመቱን ሙሉ አደገኛ ነው። በሶንግክራን የሚለየው ካሜራው መኖሩና መንገዱ መሙላቱ ነው። ስለዚህ "በዓሉ አደገኛ ሆኗል ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው "በምን ነው የምትሄደው?" ብዬ ነው የምመልሰው።

ውሃው ራሱ ምንም አያደርግም?

ያደርጋል፤ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

አንደኛ፣ በሚሄድ ሞተር ላይ የሚደፋ ውሃ ሰው ይጥላል። የበረዶ ውሃ ፊቱን ሲመታው መሪውን የማይለቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ፖሊስም የሚያስጠነቅቀው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ ዓይን ነው። በሰሜኗ ከተማ ቺያንግ ማይ ላይ ሰው ከአሮጌው ከተማ ዙሪያ ካለው ቦይ በባልዲ እየቀዳ ይረጫል። ያ ውሃ ንጹሕ አይደለም። ከበዓሉ በኋላ ዓይን ማዝና የሆድ ሕመም ብርቅ አይደሉም። አፋችሁን ዝጉ፤ ሌንስ ዓይናችሁ ላይ አታድርጉ። ከፕላስቲክ ቧንቧ በእጅ የሚሠሩት ከባድ ግፊት ያላቸው መርጫዎች ደግሞ ዓይን ስለሚጎዱ ተከልክለዋል፤ ከያዛችሁ ይነጠቃሉ።

ሦስተኛ፣ መብራትና ውሃ። የመንገድ ዳር ሻጭ ገመድ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የኮንሰርት መድረክ፣ ሁሉም ርሷል። ከሽቦ ራቁ።

ስለ ሰው ብዛት ደግሞ፣ ባንኮክ ያለችው ካኦ ሳን 400 ሜትር ገደማ የምትረዝም መንገድ ናት። ማታ ላይ መላወሻ አይኖራትም። ሌላኛው የባንኮክ ጎዳና ሲሎም ሰፋ ይላል፤ እሱም ቢሆን ይሞላል። እግራችሁ እንደ ልብ አልሄድ ሲላችሁ ውጡ። እስኪጠብባችሁ አትጠብቁ።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። ልፍራ?

እውነቱን ለመናገር፣ ከውሃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ነጩን ዱቄት በውሃ በጥብጦ ጉንጭ ላይ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ "ልቀባሽ?" ብሎ በጨዋነት የሚጠይቅ ብዙ ሰው አለ። በዚያው ሰበብ እጁን ወደማይገባው ቦታ የሚሰድም አለ። አንድ የታይ የሴቶች መብት ድርጅት በ2016 የጠየቃቸው ሴቶች ከግማሽ በላይ በሶንግክራን ላይ ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል።

በ2018 ባለሥልጣናት ሴቶችን "ገላ የሚያሳይ ልብስ አትልበሱ" ብለው መከሩ። ሲንዲ ቢሾፕ የምትባል የታወቀች ሞዴል ተናደደች። እሷ ራሷ በልጅነቷ በዚሁ በዓል ላይ ተተንኩሳ ታውቃለች። "እንዴት እንደምለብስ አትንገሩኝ" የሚል ዘመቻ ጀመረች፤ መልእክቱም ሴቷን ከመምከር እጁን የሚሰደውን ወንድ ምከሩት የሚል ነበር። ነገሩ አገር አቀፍ ክርክር ሆነ። ዛሬ ብዙ ቦታ ዱቄት የተከለከለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በተግባር፣ ቀን ላይ ውጪ፤ ቤተሰብና ሕፃናት የሚበዙበትን ቦታ ምረጪ። ጥቁር ወይም ደማቅ ልብስ ሲርስ አያሳይም። ምክሩ ለምቾትሽ እንጂ የሰው ጥፋት ባንቺ ላይ እንዲሆን አይደለም። የሚነካሽ ካለ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ዙሪያሽ ያለው ሰው አይተውሽም። የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፤ እንግሊዝኛ ይናገራሉ።

መንግሥት ምን አደረገ?

ያልሞከረው የለም ማለት ይቻላል። ፍተሻ በየመንገዱ ይቆማል። በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በ100 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ዕድሜው ከ20 በታች ለሆነ 20 ብቻ። በትንፋሽ መመርመሪያው አልመረመርም ያለ እንደ ጠጣ ይቆጠራል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ከ5,000 እስከ 20,000 ባት (የታይ ገንዘብ) ወይም ሁለቱም ነው። መኪና ውስጥ ተሳፍሮ መጠጣትም ክልክል ነው፤ ፒክአፕ ላይ ቆሞ ቢራ የሚጎነጨውን ሰው ስታዩ ግን ሕጉ የት ገባ ያሰኛል።

በ2016 ጠጥተው የነዱ ሰዎች ሬሳ ክፍል ሄደው እንዲያገለግሉ ተወሰነ። አስከሬን ያጥባሉ፣ ያያሉ፣ ምናልባት ይማራሉ ተብሎ። በ2017 ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት ከሶንግክራን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በፒክአፕ ጀርባ መጫንን ከለከለ። ሕዝቡ ቱግ አለ። ሌላ መኪና የሌለው ቤተሰብ አገሩ በምን ይግባ? መንግሥት አፈገፈገ፣ በዓሉ እስኪያልፍ አይቀጣም ተባለ። ከዚህች ክርክር የበለጠ ነገሩን የሚያሳይ የለም። ችግሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ መፍትሔው ግን የድሃውን መጓጓዣ ይነካል።

ተሳካ የሚባለውን ለማየት ወደ ኮን ኬን መሄድ ነው። በዚያች ከተማ "የሩዝ መንገድ" በሚሏት ጎዳና ላይ ሶንግክራን ያለ አልኮል ይከበራል። ሕዝቡ እጁን ከፍ እያደረገ ከጫፍ ጫፍ እንደ ማዕበል ሲነሳ ማየት ነው ያለው። ሳይጠጡም መጨፈር እንደሚቻል እዚያ የሄደ ያውቃል።

ታዮቹ ራሳቸው ምን ይላሉ?

ተከፋፍለዋል። ትልልቆቹ "የድሮው ቀረ፣ ዲስኮ ሆነ" ይላሉ። ከ2015 ጀምሮ ባንኮክ ላይ ዲጄና የውሃ መድፍ ያለው ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ይካሄዳል፤ እነሱ የሚያማርሩት እንዲህ ያለውን ነው። መንግሥት በተቃራኒው በ2024 በዓሉን ወደ ሦስት ሳምንት አስረዝሞ ለቱሪስት ሊሸጠው ሞክሯል። ወጣቱ ዓመቱን ሙሉ ፋብሪካ ሲሠራ ከርሞ ሦስት ቀን ቢጫወት ምን አለበት ባይ ነው። "ይታገድ" የሚል ግን እምብዛም አይሰማም። እኔም አልልም። የሄልሜት ሕጉ እንደ በዓሉ ፍተሻ ዓመቱን ሙሉ ቢጠብቅ ግን ከማንኛውም እገዳ የበለጠ ሰው ያድናል ብዬ አስባለሁ።

ለሕክምና ወይም ለዕቃ ነው የምሄደው። ሚያዝያ መጀመሪያ ይመቻል?

ከቻላችሁ ቀን ቀይሩ። ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው፤ ቀጠሮ የምትጠብቁት ስፔሻሊስት ግን እናቱ ጋ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከመብረራችሁ በፊት ሆስፒታሉን በስም ጠይቁ፦ "ዶክተሬ ከ13 እስከ 16 ይኖራሉ?" ብላችሁ። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ፋሻ ያለው ሰው ደግሞ በእነዚህ ቀናት መንገድ ላይ ባይወጣ ይሻላል። ቁስል መሆኑን ማን አይቶ ይተዋችኋል?

ፕራቱናም ከሚባለው የባንኮክ ገበያ ልብስ ልትገዙ የምትሄዱም እንዲሁ። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ አንዳንዱ ሳምንት ሙሉ። ባንክም ዝግ ነው። ከእስራኤል ለፔሳህ (ለአይሁድ ፋሲካ) ዕረፍት የምትመጡ ቤተ እስራኤሎች ቀኑ ብዙ ጊዜ ይገጣጠምባችኋል፤ እናንተ ለመዝናናት ስለሆነ ግድ የለም፣ ሆቴል ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ለሁላችሁም። ታይላንድ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ተሳሳተው ጎን ነው። ውሃ ዓይናችሁ ላይ እየወረደ፣ ሰው እየጮኸ፣ ሞተር በስተቀኝ ሲመጣ... መሻገሪያ ድልድይ ካለ በድልድዩ ሂዱ።

ሞተር ተከራይቼ ብንቀሳቀስስ?

በእነዚህ ቀናት አይሆንም። በሌላም ጊዜ ቢሆን የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ የጉዞ ኢንሹራንሱ አይከፍላችሁም። በከተማ ባቡር፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ አለዚያም በታክሲ ሂዱ። ቱክቱክ የሚሉት ባጃጃቸው ደስ ይላል፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ግን የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ በውሃ ትበሰብሳላችሁ። አደጋ ከደረሰ አምቡላንስ 1669፣ ፖሊስ 191።

መጫወት አልፈልግም። ደረቅ ሆኜ መዋል እችላለሁ?

በእግር ከሆነ የምትወጡት፣ ይከብዳል። መነኩሴ አይረጭም። አዛውንትና ጨቅላ የያዘች እናትም ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። ሻንጣ የሚጎትት ቱሪስት ግን አይታለፍም፤ እንዲያውም ይታደናል። ፓስፖርትና ስልክ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ውሃ የማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። በየመንገዱ በርካሽ ይሸጣል። በተረፈ ገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ሲኒማ ቤት፣ ሆቴል ውስጥ ሰላም ነው። ማለዳም ጸጥታ አለ፤ ቤተ መቅደስ ሄዶ የድሮውን ሶንግክራን ለማየት ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም።

ውሃ ሲረጯችሁ ግን አትቆጡ። ሰውየው መልካም ዓመት እየተመኘላችሁ ነው።

ከሚያዝያ 7 በኋላ ብደርስስ? አለቀ ማለት ነው?

ባንኮክና ቺያንግ ማይ ላይ አዎ። ሌላ ቦታ ላይ ግን ገና ነው። ባንግ ሳን የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ኤፕሪል 16 እና 17 ትቀጥላለች። ፓታያ ትልቁን የምታደርገው 18 እና 19 አካባቢ ነው። ከባንኮክ በስተደቡብ ያለችው ፕራ ፕራዴንግ ደግሞ የሞን ሕዝብ መንደር ስለሆነች ከሌላው ሳምንት ያህል ዘግይታ በራሷ ሥርዓት ታከብራለች። እዚያ ሰልፉ፣ የባህል ልብሱና አበባው ይበዛል። ፓታያ የምትሄዱ ግን ልብስ ቀይሩና ውረዱ፤ ከአውቶቡሱ በር ላይ ይጠብቋችኋል።